ባለቤቱን የማይፈልግ ገንዘብ
በአሜሪካ የተረሳ የባንክ ሒሳብም ሆነ ያልተመነዘረ የደመወዝ ቼክ፣ ባለቤቱ በሕግ ለተወሰነው ጊዜ ካልጠየቀው፣ በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻው መሠረት ወደ ክፍለ ግዛቱ መንግሥት ካዝና ይገባል። ብዙውን ጊዜ መብቱ አይቋረጥም፤ በክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ስምን በነጻ ፈልጎ መጠየቅ ይቻላል። የሚያሳዝነኝ ግን አሠራሩ የቤተሰብ ስም ላለው ሰው የተበጀ መሆኑ ነው። ጸሐይ የምትባለውን እህታችንን አንዱ አሠሪ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ጀምሮ ይመዘግባታል፤ በአንዱ ብቻ የፈለገች እንደሆነ ባዶ እጇን ልትመለስ ትችላለች። ሞት ሲመጣማ ይብሳል፦ በእኛ ልማድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም፣ የአባትየው ደግሞ የአያትየው ስለሆነ ወራሹ በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላል። መንግሥት ራሱ ባለቤቱን ፈልጎ ይክፈል ሲባል፣ ጠያቂ ሳይቀርብ ቢከፈል ገንዘቡ ለአጭበርባሪ ይደርሳል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ያው መንግሥት የግብር ዕዳ ሲኖርብን አድራሻችን አይጠፋውም። ኢሊኖይ ከግብር መዝገቧ ጋር እያመሳከረች፣ ማመልከቻ ሳትጠብቅ ለብዙዎች ቼክ ትልካለች፤ ይህን የማያደርጉትን ምን ያግዳቸዋል? እስከዚያው ክፍተቱን የሚሞሉት በኮሚሽን «እናስመልስልህ» ባዮች ናቸው። ካሊፎርኒያ ክፍያቸውን በ10 በመቶ ገድባለች፤ በነጻ ለሚገኝ ነገር እሱም በዛ። ግብር የሚያስሞሉ የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን ይህንንም ሥራቸው ያድርጉት፦ ከአረጋውያኑ ጋር ቁጭ ብለው፣ የድሮ የደመወዝ ወረቀት አውጥተው፣ ስማቸው በተጻፈበት አኳኋን ሁሉ፣ በኖሩበት ክፍለ ግዛት ሁሉ ይፈልጉላቸው።