ቀዩን ገመድ አትመኑ፤ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የፖለቲካ ትንታኔ ጠብቃችሁ ከከፈታችሁት ይቅርታ፣ ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ባትሪ ነው። ታገሡኝና አንብቡት፤ የአንድን ቤተሰብ የወር እንጀራ የበላ ጉዳይ ነው።

ጎረቤቴ የሚተዳደረው በስልክ የሚጠራ ታክሲ በመሥራት ነው። መኪናው አሮጌ ቪትዝ ናት። አንድ ቀን የውስጥ መብራት ሳያጠፋ አደረና ጠዋት ባትሪው ወርዶ ጠበቀው። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኛ አገር መኪናው እምቢ ያለው ሰው ብቻውን አይቀርም፤ ይህ የሚያስመሰግነን ነው። አንዱ መኪናውን አስጠጋ፣ ሌላው ገመድ ይዞ መጣ። ከሁሉም ድምፁ የሚጎላው ሦስተኛው ደግሞ «ለኔ ተዉት፣ ቀዩ ፖዘቲቭ ነው!» ብሎ ገመዱን ተቀበለ።

እውነትም ከቪትዟ ባትሪ ጋር ከታሰሩት ሁለት ገመዶች አንዱ ቀይ ነበር። ግን ያ ቀይ ገመድ የታሰረው ኔጋቲቩ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ኤሌክትሪሻን የተበላውን ጥቁር ገመድ ሲቀይር በእጁ ያገኘውን ቀይ አስሮበት ሄዷል። ባትሪው አናት ላይ ግን የ+ እና የ− ምልክቶቹ ነበሩ። አቧራ ሸፍኗቸዋል። በጨርቅ አንዴ ጠረግ ቢደረግ ይታዩ ነበር። ማንም አልጠረገም።

ብልጭታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ገመዱ ጨሰ። ዋናው ፊውዝ፣ የዲናሞው ዳዮዶችና የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጠሉ። ጎረቤቴ አንድ ወር ሥራ ፈታ። ሰውዬውስ? «ልርዳ ብዬ ነው» አለና ሄደ። ሰፈሩም «እውነቱን ነው፣ ምን ያድርግ፣ ለደግ ብሎ ነው» ብሎ ፈረደለት።

እኔ የምሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ደግነት ምልክት ከማንበብ ነፃ አያወጣም። በሰው ንብረት ላይ ሳያዩ ገመድ ማሰር ግድየለሽነት ነው፤ ልብ ንጹሕ መሆኑ ስሙን አይቀይረውም።

«ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሁሉም የሚያውቀው «ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ» የሚለውን ነው። ቀለም ግን ልማድ ነው፤ ገመዱን የቀየረው ሰው ልማዱን ከጠበቀ ብቻ ይሠራል። መኪኖቻችን ደግሞ ሦስትና አራት ባለቤት ያለፈባቸው፣ ስንት እጅ የነካካቸው ናቸው።

ሌላው አጉል እውቀት «ፖዘቲቩ ሁልጊዜ በግራ ነው» ወይም «በቀኝ ነው» የሚለው ነው። በጃፓን ባትሪዎች ስም መጨረሻ ላይ ኤል ወይም አር የሚል የላቲን ፊደል ይገኛል። ሁለቱ መጠናቸው አንድ ሆኖ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቦታቸው የተገለባበጠ ነው። ስለዚህ በራሱ መኪና የለመደውን ጎን በሌላ ሰው መኪና ላይ የሚያስር ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው፤ የሚበላው ግን የሰው ገንዘብ ነው።

ታዲያ በምን እንለይ? መጀመሪያ ባትሪው ራሱ ላይ የታተመውን + እና − ማየት ነው። ቆሽሾ ከሆነ መጥረግ። ከጠፋ ደግሞ ውፍረቱን ማየት፤ ወደ ላይ የቆሙት ሁለቱ የእርሳስ ጫፎች እኩል አይደሉም፣ ወፍራሙ ፖዘቲቭ ነው። ሦስተኛ ገመዱን መከተል፤ ዛሬ ባሉት መኪኖች ከሻሲው ወይም ከሞተሩ ብረት ጋር በቀጥታ የሚታሰረው ኔጋቲቩ ነው። እዚህ ላይ ግን አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ያላችሁ ተጠንቀቁ። እንደ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ላንድሮቨር ባሉት ላይ ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። አሁንም ጥርጣሬ ካለ የቮልት መለኪያ አለ። ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቭ ነው ባላችሁት ላይ፣ ጥቁሩን በሌላው ላይ አሳርፉ፤ ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ገልብጣችሁታል። የሰፈር ኤሌክትሪሻን ሁሉ ያለው ዕቃ ነው።

ሲገለበጥ ጉዳቱ ለምን ይህን ያህል ሆነ? ሙሉ የሆነ የመኪና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ አለው። ገልብጣችሁ ስታስሩ የሁለቱ ባትሪዎች ጉልበት ተደምሮ በገመዱ ውስጥ ያለ ምንም ከልካይ ይሮጣል፤ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ነው። የዲናሞ ዳዮዶች ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለማሳለፍ የተሠሩ ናቸው፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ በራቸው ተከፍቶ ይቃጠላሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ማውጣቱ ነው። ሃይድሮጂን ከአየር ጋር 4 በመቶ ያህል ከተቀላቀለ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ባትሪው ከፈነዳ የሚረጨው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ የሚያገኘውም አጎንብሶ የሚያየውን ሰው ዓይን ነው። እኛ ሰፈር የተቃጠለው ብረትና ሽቦ ብቻ መሆኑ ዕድል ነው።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተል ያስፈለገው። አንደኛ፣ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ። ሁለተኛ፣ ከደህናው ፖዘቲቭ። ሦስተኛ፣ ከደህናው ኔጋቲቭ። የመጨረሻው ጫፍ ግን የሞተው ባትሪ ላይ አይታሰርም፤ ከባትሪው ራቅ ብሎ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ነው የሚታሰረው፣ ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ። ሲፈታ በተገላቢጦሽ። «ከከባድ መኪና እንበደር» የሚልም አይጠፋም። ብዙዎቹ ከባድ መኪኖች ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ለ12 ቮልት መኪና አይሆኑም።

«የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ ነው፣ ይህ ሁሉ ያለፈበት ወሬ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ግን አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው። እሷ ከሞተች መኪናው አይነሳም። ብዙ አምራቾች ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ሌላ መኪና ማስነሳትን ይከለክላሉ። ተሳስቶ የሚቃጠለው ዕቃም ከቪትዝ ኮምፒውተር የሚረክስ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ መለዋወጫ የገዛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከባዱ ተቃውሞ «እንዲህ ካላችሁ ነገ የሚረዳ ሰው ይጠፋል» የሚለው ነው። ይህን አቅልዬ አላየውም። መረዳዳታችን ከጠፋ ከኮምፒውተር የሚበልጥ ነገር ነው የሚቃጠለው። ግን ማንም አትርዱ አላለም። ምልክቱን ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን አንድ ልጅ «እስቲ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ» ብሎ ነበር፤ «አንተ ደግሞ!» ተብሎ ተገፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ዘንድ ግን የፈሰሰው የጎረቤቴ ነው፣ የለቀመውም እሱ ብቻ ነው።

እኔም ከወቀሳው አላመልጥም። አጠገቡ ቆሜ ነበር። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ስማር ግን የመንገድ ምልክት ሸምድጄ ተፈተንኩ እንጂ አንድም ቀን ኮፈን ተከፍቶ «ይህ ፖዘቲቭ ነው፣ ይህ ኔጋቲቭ» ያለኝ አልነበረም። ስለማላውቅ ድምፁ ከጎላው ሰው ጋር ዝም አልኩ። የኔ ዝምታም ከሰውዬው ድፍረት ጋር አብሮ ይቆጠራል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የማሽከርከር ማሠልጠኛዎች ተማሪውን ኮፈን ከፍቶ ፖዘቲቩን በእጁ ሳያሳይ አታሳልፉት። ኤሌክትሪሻኖች፣ ቀይ ገመድ ኔጋቲቭ ላይ አትሰሩ፤ ሌላ ከጠፋ ጥቁር ፕላስተር ጠቅልሉበት። ባለ መኪኖች፣ ዛሬ ማታ ኮፈናችሁን ክፈቱ፣ ባትሪውን ጥረጉ፣ የቱ የቱ እንደሆነ እወቁ። ልርዳ ባዮችም እርዱ፤ ሳታዩ ግን አትሰሩ። ካቃጠላችሁ ደግሞ «ለደግ ብዬ ነው» ብላችሁ አትሂዱ፤ ወጪውን ተካፈሉ።

ጎረቤቴ አሁን ሥራ ጀምሯል። በተበደረው ገንዘብ ነው። ሰውዬው እስካሁን «እንዴት ሆነልህ» አላለውም።

ቸር እንሰንብት።