ጉልበት ከመቀየሩ በፊት

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ ጉልበቱ የተጎዳ ነዋሪዋ ገበያ ደርሶ ለመመለስ የሚያየው ስቃይ ሜዳማ በሆነችው ኮምቦልቻ ከሚኖረው ሰው ይብሳል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ያማል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ሲፋተግ፣ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒም አልበቃ ሲሉ፣ የመጨረሻው አማራጭ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ የሚተካው የጉልበት ቅየራ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው ሕመምተኛው ከልክ ያለፈ ውፍረት ሲኖረው ነው። ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ቢ.ኤም.አይ ይባላል፤ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 105 ኪሎ የሆነ ሴት 41 ይደርሳል፤ 40ና ከዚያ በላይ ደግሞ ከባድ ውፍረት ነው። በዚህ ደረጃ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ቶሎ ላይድን፣ ከጉልበቱ በታች ባለው አጥንት ላይ የተተከለው ብረት ሊላቀቅ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ጥልቅ ኢንፌክሽን ነው፤ ተሕዋስያኑ በብረቱ ላይ ተለጥፈው መድኃኒት የማይደፍረው ሽፋን ስለሚሠሩ፣ ብዙ ጊዜ የገባው አካል ወጥቶ፣ ለሳምንታት መድኃኒት ተወስዶ፣ እንደገና ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። አዲስ አበባ ሄዶ ጉልበቱን ለቀየረና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ደሴ ለተመለሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

እንዲህም ሆኖ፣ በቁጥር ብቻ በር መዝጋት ፍትሕ አይደለም። ከባድ ውፍረት ያላቸው ሰዎች ከቅየራው በኋላ የመንቀሳቀስ አቅማቸው ከሌሎች ዝቅ ቢልም፣ ሕመማቸው የሚቀልላቸው መጠን ከሌሎቹ ብዙም አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሩማቶሎጂና የመገጣጠሚያ ቅየራ ሐኪሞች ማኅበራት ያወጡት መመሪያም የተወሰነ ክብደት እስኪደረስ ቀዶ ሕክምናው እንዳይዘገይ ሲመክር፣ ያልተስተካከለ ስኳርና ትንባሆ ግን አስቀድመው እንዲስተካከሉ ያሳስባል። መራመድ ላቃታት ሴት «ቀንሺና ተመለሺ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይባልም።

ክብደት መቀነስ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ አራት ኪሎ የሚያህል ጫና እንደሚያቃልል በጥናት ታይቷል። ነገር ግን ለቀዶ ሕክምና ሲባል ራስን ማስራብ የቁስሉን መዳን ያዘገያል፤ ምስሩ፣ ሽሮውና ዕንቁላሉ ሊቀር አይገባም።

ዝግጅቱ ሊጀመር የሚገባው እዚያው ወሎ ነው። በደሴ ሆስፒታልም ሆነ በኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ስኳር ይለካ፣ የታመመ ጥርስና የእግር ቁስል ይታከም፣ የጭን ጡንቻ በልምምድ ይጠንክር። አዲሱ ጉልበት እንደ ቀድሞው ቁጢጥ ብሎ ለመቀመጥ እንደማይመች፣ በሰላትና በስግደት መንበርከክም እንደሚከብድ ቀድሞ ይነገር፤ ቤተሰቡም ሕመምተኛው ከመሄዱ በፊት መቀመጫ ያለው መጸዳጃና ለጸሎት የሚሆን ወንበር ያሰናዳ።