ላስቲኩ ይላጥ፣ ዕዳው ግን ልጁ ላይ አይለጠፍ

"መኪና የሌለው አስተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያገባኛል። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ላቫጆና ዲኮር ቤት ነው የሚሠሩት። የሰው መኪና ላይ ያለ አሮጌ ላስቲክ ሲልጡ ቀለም ከተነሳ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው እነሱ ናቸው። ነገሩ ከከነከነኝ ቆይቷል፣ ዛሬ ልጻፈው።

የማወራው ቀለሙን ከጠጠርና ከጭረት ይጠብቃል ተብሎ ኮፈን፣ ባምፐርና ስፖኪዮ ላይ ስለሚለጠፈው፣ አዲስ ሲሆን ዓይን ስለማይለየው ላስቲክ ነው። ፒፒኤፍ የሚሉት አሉ፣ አብዛኛው ሰው ግን በቃ ላስቲክ ነው የሚለው። መነሻው እንኳን የቤት መኪና አልነበረም። በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተሮቹን ተሽከርካሪ ክንፎች አሸዋና ፍንጣሪ እንዳይበላቸው ብሎ ነው ይህን ዓይነት ልባስ መጠቀም የጀመረው። ወደ እሽቅድምድም መኪና፣ ከዚያም ወደ እኛ ሰፈር የመጣው በኋላ ነው። ጥሩው ከፖሊዩሬቴን ይሠራል፣ ርካሹ ከፒቪሲ።

ሁለቱም ግን ዕድሜ አላቸው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ጥሩ የሚባለው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ርካሹ ከዚያ በታች። ፀሐይ ዋና ጠላቱ ናት። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ጥላ የሌለው ግቢ ውስጥ ከዓመት ዓመት የቆመ መኪና ላይ ያለ ላስቲክ መጀመሪያ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ እንደ ደረቀ ወንዝ ይሰነጣጠቃል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ መጠበቁን ትቷል። በስንጥቁ አቧራና ውሃ እያስገባ፣ ሙጫውን ቀለሙ ላይ እያደረቀ ነው።

እኛ ደግሞ ላስቲክ እንወዳለን፣ እውነቱን እንነጋገር። ሶፋ ከነላስቲኩ፣ ሪሞት ከነላስቲኩ፣ የመኪና ወንበር ከነላስቲኩ። እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩ ላይ ተቀምጦ ላብ በላብ ይሆናል፣ የቤቱ ባለቤት ግን ሶፋው አዲስ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ሶፋውስ ይሁን። የመኪና ላስቲክ ግን በቆየ ቁጥር ለመላጥ ይከብዳል። በ4 ዓመቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተያይዞ የሚወርደው፣ በ9 ዓመቱ ጥፍር በምታክል ቁራጭ ነው የሚለቀመው። ያን ቀን ባለቤቱ ራሱ አይለቅመውም። ላቫጆ ይወስድና "ይቺን ላስቲክ ፈጠን ብለህ አንሳልኝ" ይላል። ፈጠን ብለህ!

ያቺ "ፈጠን ብለህ" ናት ምላጭና ቤንዚን የምታመጣው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል። ጠቅላላ ምስጢሩ ይኸው ነው። ላስቲኩን ሙቅ አየር በሚተፋ ማሽን፣ ካልተገኘ በፀጉር ማድረቂያ፣ ወይም በእንፋሎት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ ነው። መለኪያ ከሌለ፣ እጅ ሲያርፍበት ቶሎ የሚያስነሳ ግን የማያቃጥል ሙቀት በቂ ነው። ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ ማቆም አይገባም፣ ቀለሙንም ፕላስቲኩንም ያበላሻል። ከዚያ ከጠርዝ ጀምሮ፣ ላስቲኩን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ከላሜራው ጋር አጠጋግቶ ቀስ እያሉ መሳብ። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መንጨት ቀለሙን አብሮ ይጠራዋል። የቀረው ሙጫ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ላሜራው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይለቃል። ለሚያስቸግረው ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ከምላጭ ይሻላል።

ምላጭ የማልወድበት ምክንያት ቁጥር ነው። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንጣፉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከላይ ያለው የሚያብረቀርቀው ልባስ ብቻውን ደግሞ 50 ገደማ። የራስ ፀጉር ውፍረት 70 አካባቢ ነው። ማለትም ልጁ በምላጭ የሚሠራው ከፀጉር በቀጠነ ነገር ላይ ነው፣ ያውም ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ሰዓት እያየ። ቤንዚኑማ ጭራሽ አይወራም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የጋለ ማሽን አጠገብ ቤንዚን ያለበት ጣሳ ማስቀመጥ እሳት መጥራት ነው። ውስጡ ያለው ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል ደግሞ (ስማቸው ስለተመሳሰለ አንድ አይደሉም) ካንሰር አምጪ ነው። ልጆቹ ግን ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን የሚታጠቡት በእሱ ነው። ይሄን ያየ ሁሉ ዝም ማለቱ ይገርመኛል።

ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ስሙንም የሠራበትንም ቤት አልጠራም፣ አንድ መኪና መጣለት። ላስቲኩን ያስለጠፈው የመኪናው የቀድሞ ባለቤት ነው፣ መቼ እንደሆነ የአሁኑ አያውቅም። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ኮፈኑን በሙቀት፣ በትዕግሥት ሲልጥ ዋለ። ከሰዓት በኋላ መዳፍ የሚያህል ቀለም ከላስቲኩ ጋር ተነሳ። ሥሩ ምን ነበር? ስቱኮ። መኪናው ከዓመታት በፊት ተጋጭቶ፣ ባትላሜራ ገብቶ፣ እንደገና ተቀብቶ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱ ጮኸ፣ የዲኮር ቤቱ ጌታ ደግሞ ደንበኛ ላለማጣት የኮፈኑን ማስቀቢያ ልጁ ላይ ጣለው። በየወሩ ከደመወዙ ተቆረጠ።

እኔ ይሄ ግፍ ነው እላለሁ። የፋብሪካ ቀለም ከ140 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ ነው የሚወጣው። የሰፈር ቀለም እንዲህ አይጋገርም፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው ላሜራም በደንብ ሳይፋቅ ነው የሚቀባው። እንዲህ ዓይነቱን ቀለም ከአሮጌ ሙጫ ጋር ስታታግለው የትኛው እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። የዓለም ምርጥ ባለሙያም ቢልጠው ሊነሳ ይችላል። ታዲያ መጋጨቱን ያላወቀ ወይም ያልተናገረ ባለቤት፣ ላስቲኩ ቢጫ እስኪሆን የተወ ባለቤት፣ እንዴት ነፃ ሆኖ ልጁ ይከፍላል? ስቱኮው ራሱ ምስክር ነበር፣ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

"ባለሙያ ከሆነ ቀድሞ ማወቅ ነበረበት" የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት አለው። በምላጭ የቧጨረ፣ ማሽን ጥዶ ስልክ ሲያወራ ቀለም ያቃጠለ ይጠየቅ፣ አልከራከርም። ግን ያኔም ቢሆን ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንዳሻው ደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይላል፣ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የቅጥር ወረቀት እንኳን የላቸውም፣ ስለዚህ አዋጁን የሚያነብላቸው የለም። እኔ ላንብብላቸው ብዬ ነው።

ዲኮር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት መኪናውን ከባለቤቱ ጋር ዙሩት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱት፣ ጎን ላይ ይዞ እዚህ ጋ ከላላ ሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። (ፕላስቲክ ባምፐርና የአሉሚኒየም ኮፈን ላይ አይሠራም፣ እዚያ ጋ ዓይናችሁንና የባለቤቱን ቃል ነው የምታምኑት።) ስንጥቁን፣ ቢጫውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሦስት መስመር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ላስቲኩ ስንት ዓመቱ ነው፣ መኪናው ተቀብቶ ያውቃል ወይ፣ ድሮ የተቀባ ቀለም ቢነሳ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ይፈርም። ላስቲኩ የነበረበት ጠርዝ ላይ መስመር ሊቀር እንደሚችልም ያኔውኑ ንገሩት፣ ምክንያቱም ያልተሸፈነው ቀለም ለብቻው ነው በፀሐይ የደበዘዘው። ፖሊሽ ይቀንሰዋል እንጂ ሁልጊዜ አያጠፋውም። ይሄም በልጁ ሲሳበብ አይቻለሁ።

ዋጋውንም በሰዓት አስቡት። ያረጀ ላስቲክ ያለበት ሙሉ መኪና አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጃል። በእጥበት ሒሳብ ከፍላችሁ በእጥበት ፍጥነት ከጠበቃችሁ ምላጩን ያስያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ይሄ ነገር ደግሞ ገና ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው፣ አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ ላስቲክ ያስለጥፋል። ለጥፉ፣ አልከለክልም። ግን የለጠፋችሁበትን ቀንና የላስቲኩን ዓይነት ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። መኪናውን ስትሸጡትም ለሚቀጥለው ባለቤት ስጡት።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ያለ ካለ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ሦስት መስመሯን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ እልክላችኋለሁ።