አስፒሪኑ ሳምንቱ ሳያልፍ ይድረስ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ ለእንጦጦ ነፍሰ ጡሮች ፕሪኤክላምፕሲያን የሚከላከል አስፒሪን በጊዜው እንዲደርስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፈው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የእንጦጦን ዳገት ስለሚወርዱ እናቶች ነው። ከመካከላቸው ነፍሰ ጡሮች አሉ።

ፕሪኤክላምፕሲያ ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን፣ ጉበትንና አንጎልን ይጎዳል፤ ሲብስም እናቲቱን ያንቀጠቅጣል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በሸክም ለምትውል ሴት ግን ይህ ሁሉ ድካም ይመስላታል። ማግኒዚየም ሰልፌት ማንቀጥቀጡን ይከላከላል፤ ሕመሙን የሚያቆመው ግን መውለድ ብቻ ነው፤ ልጁ ገና ባይደርስም እንኳ።

መከላከያው ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕመሙ በጣም ተጋላጭ ለሆኑ ነፍሰ ጡሮች በቀን 75 ሚሊ ግራም አስፒሪን እንዲሰጥ መክሯል። ተጋላጭ የምትባለው ባለፈው እርግዝናዋ ሕመሙ የያዛት፣ ነባር የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት፣ ወይም መንታ ያረገዘች እናት ናት። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ 1,776 ተጋላጭ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ 150 ሚሊ ግራም አስፒሪን ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚያስወልደውን ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ እንዳወረደው አሳይቷል።

ጭንቀቴ ጊዜው ነው። የሕመሙ ሥር የሚጀምረው የእንግዴ ልጁ ደም ሥሮች በሚዘረጉባቸው የመጀመሪያ ወራት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ከ20ኛው ሳምንት በፊት፣ ቢቻል ከ12ኛው ጀምሮ መወሰድ አለበት። በ2011 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዘግይታ የመጣችውን እናት ክኒኑ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ብዙም አይጠቅማትም።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በእንጦጦና በዙሪያው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያረገዘችውን እናት ሆዷ ሳይገፋ ቤቷ ድረስ ሄደው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኳት ይደረግ።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ክትትል እያንዳንዷ እናት ስለ ተጋላጭነቷ ትጠየቅ፤ መልሷም በካርዷ ላይ ይጻፍ። የደም ግፊት ልኬትና የሽንት ምርመራ በየክትትሉ አይቅር።

ሦስተኛ፣ ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት አይጥፋ፤ እንደ ሌላው የወሊድ አገልግሎትም በነፃ ይሰጥ።

አራተኛ፣ ከእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች ጋር ተመካከሩ። ብዙ እናቶች ከጤና ጣቢያ በፊት ወደ ጠበል ይሄዳሉ። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ መናገራቸው ብዙ ሕሙማንን ከጭንቀት አውጥቷል። ዛሬም አንድ የአባት ቃል ነፍሰ ጡሯን በጊዜ ወደ ሐኪም ይመራታል።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ እናቶችም አስፒሪን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ። መጠኑ ለራስ ምታት ከሚወሰደው ያነሰ ነው፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የመድማት ችግር ላለባት ደግሞ ጉዳት አለው። አዋላጇን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ መድኃኒቱ ታውቋል፤ ዋጋውም ከከተማችን አቅም በላይ አይደለም። የእንጦጦ እናት በ12ኛው ሳምንቷ እንድታገኘው አድርጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ