በስልክ የሚዘርፉንን በጋራ ንቃት እንመክት

ሠርቶ አደሩ በላቡ ያፈራውን ጥሪት ለመንጠቅ የሚያደባ ቀማኛ ዛሬ የግድ ጨለማን ተገን ማድረግ፣ አጥር መዝለልና በር መስበር አያስፈልገውም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩና ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ ካዳረሱ ወዲህ፣ ደመወዝም ሆነ የዕቁብና የዕድር መዋጮ በእጃችን በያዝነው ስልክ በኩል ያልፋል። ይህ በመሠረቱ ሰልፍን ያሳጠረና ድካምን የቀነሰ እርምጃ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል ሐሳብ የለንም። ይሁንና ገንዘቡ ቦታ በለወጠ ቁጥር ሌባውም ዘዴውን እንደሚለውጥ ማወቅ ይገባናል።

በዚህ ረገድ ሊሰመርበት የሚገባው ዐቢይ ነጥብ፣ አብዛኛው ዘራፊ መሣሪያውን ሰብሮ የማይገባ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ራሱ በሩን እንዲከፍትለት ያደርጋል። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። ንግግሩ ትሑት ነው፤ ስማችንንም ይጠራል። የሚያዋክበንም እንዳናስብ ነው። በመልእክት የሚደርሰን የማረጋገጫ ቁጥር ግን የሒሳባችን ቁልፍ ስለሆነ፣ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ በስልክ የሚጠይቅበት አንዳችም ምክንያት የለም። የምሥጢር ቁጥሩም እንዲሁ። ስልኩን ዘግቶ ራስ ወደ ባንኩ መደወል፣ ለምሳሌ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፣ ጥርጣሬውን ወዲያው ያጠራዋል።

ሌላው ዘዴ «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። የሐሰት መልእክት ይቀድማል፤ ልመናው ይከተላል፤ ሩኅሩኁ ሰውም ያልተቀበለውን ገንዘብ ከገዛ ኪሱ ይመልሳል። የሰፈር ባለ ሱቆችም በተመሳሳይ የሐሰት ደረሰኝ ዕቃቸውን ያስረክባሉ። የቴሌብር መልእክት ከ127 የሚላክ ሆኖ ሳለ ከግለሰብ ቁጥር የመጣ «ክፍያ» ለምን ይታመናል? ከመልእክቱ ይልቅ የሒሳቡን ቀሪ ማየት ይበጃል።

በቴሌግራም «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» እየተባለ የሚላከው መጠቆሚያም አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወዳጅ ስም ነው፤ የወዳጁ ሒሳብ ግን አስቀድሞ ተነጥቋል። ተጭኖ ስልክ ቁጥሩንና የመግቢያ ኮዱን የሰጠ ሰው በማግሥቱ እርሱ ራሱ በስሙ ከዘመዶቹ ብር ሲለመንበት ያገኘዋል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን መክፈት ይህን መንገድ በእጅጉ ያጠብበዋል። ብር የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስ ደግሞ ደውሎ የዘመድን ድምፅ መስማት ይገባል።

ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ መንገድ የሚወጣ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። በሆቴልና በአየር ማረፊያ ባለቤቱ በውል በማይታወቅ ዋይፋይ ገንዘብ ከማንቀሳቀስ የራስን ዳታ መጠቀም ይሻላል። በሰው ኮምፒዩተር የከፈቱትን ሳይዘጉ መነሣትም አይገባም። ወደ ውጭ የሚሄደው ወገናችን የአገር ቤት ሲሙን እንደ ዋዛ ይጥለዋል። ቁጥሩ ሲቋረጥና ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ የማረጋገጫ ኮዶቹም ወደዚያ ሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሳይነሡ ቁጥሩን ማስቀየር ያሻል።

ከገንዘብ የከፋ ዘረፋም አለ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከማያንማር ወደ ታይላንድ ተሻግረው ነጻ ከወጡት 260 ያህል የልዩ ልዩ አገሮች ዜጎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእነዚያ የታጠሩ ግቢዎች የሚያዙት በርካቶች «በታይላንድ ጥሩ ደመወዝ» በሚል የኢንተርኔት ማስታወቂያ ተታልለው የሄዱ ናቸው። በዚያም በዱላና በማስፈራራት፣ ቀን ከሌት በኮምፒዩተር ሌላውን ሰው እንዲያታልሉ ተገድደዋል። ተታላዩ አታላይ እንዲሆን የሚገደድበት ይህ ሥርዓት በአንድ አጭር መልእክት መጀመሩን ወላጆች ሁሉ ይወቁት። የቀጣሪውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሳያረጋግጡ የቤት ዕቃ ሸጦ ልጅን መሸኘት ልጅን ለአደጋ መስጠት ነው።

ዘራፊው ግን ከሁሉ በላይ የሚተማመንበት አንድ አጋር አለው፤ እርሱም እፍረታችን ነው። የተታለለው ሰው «ሞኝ» እንዳይባል ይሸሽጋል፤ ጎረቤቱም በዚያው ወጥመድ በሳምንቱ ይያዛል። በእኛ እምነት ነውሩ የአታላዩ እንጂ የተታላዩ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም የሚቀጣው አታላዩን ነው። ስለዚህ የዕድርና የሰፈር ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራትም፣ በስብሰባቸው መጨረሻ አሥር ደቂቃ መድበው በዚያ ወር የደረሰውን ማታለል በግልጽ ያውሩ፤ የሚያነቡ ልጆችም ስልክ ለሚከብዳቸው አረጋውያን ቅንብሩን ያሳዩ። የተዘረፈ ሰው ግን ስብሰባ አይጠብቅ። መልእክቱን ሳያጠፋ በዚያችው ሰዓት ለባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ያሳግድ፤ ከዚያም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ።