የልብ ሕመምተኛ ሲያተኩሰው

እኛ ጋ ጪጩ ላይ ትኩሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ቀጥሎ ታይፎይድ። የልብ ቫልቩ የተጎዳ ልጅ ወይም ጎልማሳ ያለበት ቤት ግን ሌላም መጠርጠር አለበት።

በአገራችን ቫልቭን በብዛት የሚጎዳው ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ በሽታ ነው። ከተበላሸ ጥርስ፣ ከቆዳ ቁስል ወይም እንጥል ከተቆረጠበት ቦታ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል። (አያቶች፣ እባካችሁ እንጥል ማስቆረጡ ይቅር!) በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ የሚሰጥ ነው፤ ከዚህኛው ኢንፌክሽን አያድንም። በነርስነት ዘመኔ «መርፌውን አላቋረጠም እኮ» የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ነበሩ።

ቫልቩ ላይ የተከማቸው ጀርምና የረጋ ደም እየተቀነጠሰ በደም ሥር ይጓዛል። አንጎል ከደረሰ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፤ ሰፈርተኛው «መጋኛ መታው» ይላል። ጣፊያ ወይም ኩላሊት ከደረሰ ጎን ይወጋል። እግር ከደረሰ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል። አንዳንዴም ጀርሙ የደም ሥሩን ግድግዳ እየበላ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ከፈነዳ ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል።

ቫልቩን የሚያሳየው የልብ አልትራሳውንድ፣ ኤኮ የምንለው ነው። በደረት ላይ የሚታየው ኤኮ ትንሽ ክምር ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ካልጠፋ ሐኪሙ ከቀናት በኋላ ይደግመዋል፣ ወይም በጉሮሮ በሚገባው መሣሪያ ያስነሳል። «አንዴ ተነስቷል» ብላችሁ አትከራከሩ። የተቀነጠሰው የት እንደደረሰ የሚያሳዩት ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ናቸው። ለሌላ ስትሮክ የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሚያ እዚህ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል አይሰጥም፤ ሐኪሙ ስለ ልቡ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

አሞክሲሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አታስጀምሩ። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ደሙ ቢመረመር ጀርሙ ላይገኝ ይችላል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ክምሩ የመቀንጠስ አደጋው የሚበረታው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው፤ ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ ለቡና ለቀማ አታስወጡት። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ መንገዱ አዲስ አበባ ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ የልጆች ልብ ማዕከል ከተከፈተ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ማዶ ብቻ መመልከት ቀርቷል፤ ወረፋው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ዲላ ሆስፒታል ስትደርሱ የክትትል ካርዱን አውጡና ገና ካርድ ክፍል ላይ «የቫልቭ ሕመም አለበት» በሉ።