ጓደኛን ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ገፍቶ መጣል ቀልድ አይደለም

ድንኳን ይዞ ከጓደኛ ጋር ወጣ ብሎ ማደር ደስ ይላል፣ እኔም እደግፋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ሲሄዱ ውለው፣ ላብ በላብ ሆነው ወንዝ ዳር ሲደርሱ ነው። አንዱ "ዝለል እንጂ፣ ፈሪ!" ይላል። ሌላው ከኋላ መጥቶ ይገፋል። ቤት ደግሞ እናት "ውሃ እንዳትገባ፣ ሳንባ ምች ይይዝሃል" ብላ ነው የላከችው።

ከሁለቱ ምረጥ ከተባልኩ ከእናት ጋር ነኝ፤ ምክንያቷ ግን ሌላ መሆን ነበረበት። ሳንባ ምች የሚያመጡት በአብዛኛው ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው፤ አንዴ ወንዝ ውስጥ መነከር አይደለም። የሚያስፈራው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። የሞቀ ገላ በአንዴ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ሲነካው ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ወደ ውስጥ ይስባል። "ትንፋሼን እይዛለሁ" ማለት አይሠራም። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል፣ ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ደግሞ ይብሳል፤ የገፋችሁት ልጅ ይኑርበት አይኑርበት በምን ታውቃላችሁ?

ባሌ ዲንሾ ወይም ስሜን ተራሮች ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን ፀሐይ ቢያቃጥልም ሌሊት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ወንዙ ያንን ሌሊት ይዞ ነው የሚውለው።

ጨርሶ አትግቡ እያልኩ አይደለም። መቆም የምትችሉበት ቦታ ምረጡ፣ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ እጅና ፊት፣ ቀስ እያላችሁ ደረት። ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል። ድንገት ከወደቃችሁ አትታገሉ፣ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና ትንፋሹ ሲመለስ ውጡ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከላይ በኩል ዝናብ ካለ ግን ወንዙን ተዉት፣ ደራሽ አይታመንም።

አረቄ ያሞቃል የሚባለውም እንዲሁ ነው። የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ የሞቃችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን እያጣ ነው። ሲቀመስ ከነበረ ወንዙ ለነገ ይደር።

አንድ ሰው ውሃ ከወሰደው ዘላችሁ አትከተሉት፤ ሁለት ሬሳ የሚወጣው እንዲህ ነው። ገመድ፣ ረጅም እንጨት፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ ያገኛችሁትን ወርውሩለት። ከወጣ በኋላ ሆዱን መጫን፣ ዘቅዝቆ መያዝ አይጠቅምም፣ ጊዜ ያባክናል። የማይተነፍስ ከሆነ ቶሎ በጀርባው አስተኝታችሁ አፍ በአፍ ትንፋሽ ስጡት፣ ቀጥሎ ደረቱን መሃል ላይ በኃይልና በፍጥነት ጫኑ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። ነቅቶ ቢያወራ እንኳ ውሃ ከሳበ ሐኪም ይየው፤ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

ያንን ሁሌ ሰው የሚገፋ ጓደኛችሁን እዚህ ሥር ታግ አድርጉት 😊